ሆዱ ውስጥ ግንድ ያለው ጊታር

ርካሽ ሴሚ ሆሎው (ሆዱ በከፊል ባዶ የሆነ የኤሌክትሪክ) ጊታር ሊገዛ የመጣ ሰው ቀለሙን ከማየቱ በፊት የስልኩን ባትሪ ያብራና መብራቱን የእንግሊዝኛ f በሚመስለው ኤፍ ቀዳዳው በኩል ወደ ጊታሩ ሆድ ይስደድ። ከቀዳዳው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከላይኛው ገጽ እስከ ጀርባው የሚደርስ የእንጨት ግድግዳ መታየት አለበት። ከአንገቱ ሥር ተነስቶ የማንገቻው ቁልፍ እስካለበት ጫፍ ድረስ ይዘልቃል። የመሀል ግንዱ ጎን ማለት እሱ ነው። የዚህ ጊታር ድምፅ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚያ ግንድና በግራና በቀኙ በቀሩት ሁለት ባዶ ክፍሎች ነው። ግድግዳው ከሌለና መብራቱ በማዶው ቀዳዳ ከወጣ፣ የያዛችሁት ሌላ ዓይነት ጊታር ነው።

ከውጭ አይለይም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም ለዚህ ነው። ኤፒፎን ካሲኖና ኤፒፎን ዶት የተባሉ ሁለት ጊታሮች ጎን ለጎን ቢሰቀሉ መንትያ ይመስላሉ፤ ሁለት ቀንድ፣ ሁለት ኤፍ ቀዳዳ፣ ስስ ቦዲ። ካሲኖ ግን ሆዱ ሙሉ በሙሉ ባዶ ነው፤ ድምፁ ደረቅና እንጨት እንጨት የሚል፣ በራሱ የሚያምር ነው። ከድራምና ከሳክስፎን ጋር አምፑን (ድምፅ ማጉያውን) ከፍ አድርጎ መጫወት ለሚፈልግ ሰው ግን ቶሎ መጮህ ይጀምርበታል። ዶት ግንድ አለው። ኢባኔዝ አርትኮር ከሚባለው ቤተሰብ ደግሞ ኤኤስ73 ግንድ ያለው ነው፤ በኤኤፍ የሚጀምሩት ባለ ባዶ ሆድ ናቸው። አንድ ፊደል ነው ልዩነቱ፤ ሻጩም ሁልጊዜ አያውቀውም።

ሐሳቡ የቆየ ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ጊታሪስት ሌስ ፖል 4 በ4 ኢንች የሆነ የፓይን እንጨት ወስዶ አንገትና ፒክአፕ (የክሩን ንቅናቄ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ) ገጠመለት። ድምፁ ረጅም ነበር፤ አምፕ ፊትም አይጮህም። መልኩ ግን አጣና ስለሚመስል አንድ የኤፒፎን ጊታር ለሁለት ሰንጥቆ ግማሾቹን እንደ ክንፍ ግራና ቀኝ ለጠፈበት። ጊብሰን የተባለው ጊታር ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1957 ኤፒፎንን ገዛ፤ በ1958 ደግሞ በቴድ ማካርቲ አመራር ዘመን ኢኤስ-335 ወጣ፤ ግንዱም ክንፉም ከመጀመሪያው አብረው የተሠሩበት። ዶት የተባለው የኤፒፎን ጊታር የመጣው በ1997 ነው። ስሙን ያገኘው የመጀመሪያዎቹ ኢኤስ-335ዎች አንገት ላይ ከነበሩት ነጠብጣቦች ነው። መጀመሪያ ኮሪያ፣ በኋላ ቻይና ሲሠራ ቆይቶ በ2020 ቦታውን ለኤፒፎን ኢኤስ-335 ለቀቀ። አርትኮር ገበያ የገባው በ2002 ነው። እንዲህ ያሉ ጊታሮች ከጊብሰኑ ዋጋ በጣም ባነሰ ይገኛሉ። በመሀል ያለው ልዩነት የት እንደገባ ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም እንጨቱ ውስጥ የገባው ብዙ ሰው ከሚያስበው ያነሰ ነው።

ለምሳሌ ኮምፔርሳቶ የሚለውን ቃል እንውሰድ። «ሶሊድ እንጨት አይደለም፤ ኮምፔርሳቶ ነው» ተብሎ ብዙ ጥሩ ጊታር ተንቋል። የ1958ቱ ኢኤስ-335 ራሱ በኮምፔርሳቶ የተሠራ ነው፤ የሜፕልና የፖፕላር ስስ ንጣፎች በኮላ ተደራርበው፣ በፕሬስ ቅርጽ ውስጥ ተጨምቀው ጉብ ብለው የወጡ። ለርካሽነት ብቻ የተመረጠ አይደለም። ንጣፎቹ ጭረታቸው ስለሚሻገር ገጹ ጠንከር ይላል፤ ጠንካራ ገጽ ደግሞ በአምፑ ድምፅ ቶሎ አይናወጥም፤ በድርቅም በቀላሉ አይሰነጠቅም። የአኩስቲክ ጊታር ገጽ ሕይወቱ መንቀጥቀጥ ነው። እዚህ ግን በልክ እንዲንቀጠቀጥ ነው የሚፈለገው። ዶት ሜፕል ነው፤ የአሁኑ ኤኤስ73 ሊንደን የሚባል ለስለስ ያለ እንጨት ነው። በድምፅ ላይ የሚያመጣው ልዩነት አለ፤ ነገር ግን ፒክአፑን 1 ሚሊሜትር ዝቅ ማድረግ ከዚያ የበለጠ ይሰማል።

ርካሹ ላይ ፈተና ያለበት ከግንዱና ከገጹ መጋጠሚያ ላይ ነው። ገጹ ጉብ ያለ ነው፤ ግንዱ ደግሞ ቀጥ ያለ። በመሀላቸው የሚቀረውን ክፍተት የሚሞላው፣ እንዲታጠፍ ተብሎ በመጋዝ የተተለተለ የስፕሩስ እንጨት ነው። ኮላው ከሳሳ ወይም እንጨቱ በልኩ ካልተቆረጠ ቦታው ባዶ ይሆናል። ለማወቅ፣ በጣታችሁ አንጓ ከአንገቱ ሥር ጀምራችሁ በመሀል መስመሩ፣ በፒክአፖቹ መካከልና ከብሪጁ (በሆዱ በኩል ክሮቹ ከሚያርፉበት ድጋፍ) ኋላ አንኳኩ። ደፈን ያለ «ዱብ» ማለት አለበት። ወደ ክንፉ ስትሄዱ ድምፁ ይከፈታል። በመሀል መስመሩ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ወረቀት የተመታ ዓይነት ድምፅ ካሰማ፣ ከዚያ ጊታር መራቅ ይሻላል። ሌላውን ሁሉ በእጅ ማስተካከል ይቻላል፤ ይህን ግን ገጹን ሳይከፍቱ መድረስ አይቻልም።

ግንዱ ምን እንደሚሠራ ክራር በማይክ ያጎላ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ስፒከሩ አየሩን ይገፋል፣ አየሩ የገበቴውን ቆዳ ይገፋል፣ ቆዳው ክሩን ያነቃዋል፣ ማይኩ መልሶ ያንኑ ይይዛል። ከዚያ ማንም ሳይነካው «ዉዉዉ» ማለት ይጀምራል። ባዶ ሆድ ባለው ጊታርም ያው ነው። ግንድ ሲገባ ብሪጁ የሚያርፈው ስስ ገጽ ላይ ሳይሆን ድፍን እንጨት ላይ ስለሆነ ሰንሰለቱ መሀል ላይ ይላላል። ክንፎቹ ግን አሁንም ይተነፍሳሉ። ስለዚህ ክሩ ሲመታ ጉልበቱ ይከፈላል፤ የሚበዛው በግንዱ ላይ ቆይቶ ድምፁን ያስረዝማል፣ ጥቂቱ በክንፎቹ በኩል ወደ አየር ይወጣል። የመጀመሪያው ምት ጠርዙ ትንሽ ይለሰልስና፣ ኖታው ከተመታ በኋላ እንደገና የሚከፈት ይመስላል። ድፍን ጊታር ይህን አያደርግም።

ለእኛ ሙዚቃ የሚመቸውም በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ትዝታ ውስጥ ኖታው ተይዞ፣ ተንቀጥቅጦ፣ ወደ ጎረቤቱ ተንሸራቶ ነው የሚያልቀው፤ የሚፈልገው እንደ ጥፊ የሚመታ ጅማሬ ሳይሆን ቆይቶ የሚሞቅ መሀል ነው። በአንገቱ ፒክአፕ፣ ቶኑን (ቀጭኑን ድምፅ የሚያለዝበውን ቁልፍ) ከ10 ወደ 6 አውርዶ፣ ቮሊዩሙን 7 ላይ አድርጎ መጀመር ጥሩ ነው። አንቺሆዬ ሌላ ነገር ይጠይቃል። ከዶ ብንነሳ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ ግማሽ ድምፅ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ሽቦው የበዛበት ኃይለኛ ፒክአፕ ላይ እነዚያ ጥንዶች አብረው ሲደወሉ ይድበሰበሳሉ። ፒክአፕ የሚመረጥበትን ማብሪያ ሁለቱም በሚሠሩበት የመሀል ቦታ ላይ አድርጋችሁ የአንገቱን ቮሊዩም ወደ 8 ብታወርዱ እያንዳንዱ ኖታ የራሱን ቦታ ይይዛል። (በመሀል ቦታ አንዱን ቮሊዩም ወደ ዜሮ ስትወስዱ ጊታሩ በሙሉ ዝም ቢል አልተበላሸም፤ በዚህ ዓይነት የሽቦ አሠራር ላይ ጠባዩ ነው።)

አሁን ፋብሪካው ገንዘብ ወደሚቆጥብበት ቦታ እንምጣ። አንደኛው ነት ነው፤ በአንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባት 43 ሚሊሜትር ገደማ የሆነች ፕላስቲክ። ርካሽ ጊታር «አይቃኝም» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የመቃኛ ቁልፎቹ ሳይሆን የእሷ ነው። በመደዳ የሚሠራ ፋብሪካ ጎድጓዳዎቹን ጥልቅ አድርጎ ጊታር ከሚያበላሽ ከፍ አድርጎ ቢተዋቸው ይመርጣል። ከፍ ያለ ጎድጓዳ ደግሞ የመጀመሪያውን ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት የብረት መስመሮች አንዱን) ስትጫኑ ክሩን ይወጥረዋል፤ ኖታውም ከፍ ይላል። ባዶ ክሮቹ በቱነር (በመቃኛ መሣሪያ) ልክ ሆነው የመጀመሪያው ቦታ ኮርድ የተዛባ የሚመስለው ለዚህ ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። ክሩን በ2ኛውና በ3ኛው ፍሬት መሀል ተጫኑትና በ1ኛው ፍሬት አናት ላይ ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። በጣት ጫፍ ሲነካ ትንሽ «ጢቅ» ማለት አለበት፤ ክፍተቱ ከአንድ የደብተር ወረቀት ብዙም መብለጥ የለበትም፣ 0.1 ሚሊሜትር አካባቢ። ወፍራሞቹ ላይ ጥቂት ቢበልጥ ችግር የለውም። የሚሞረደው በክሩ ውፍረት ልክ በተሠራ ቀጭን ሞረድ ነው፤ ለተለመደው 10–46 ስብስብ ውፍረቶቹ በኢንች 0.010፣ 0.013፣ 0.017፣ 0.026፣ 0.036፣ 0.046 ናቸው። ሞረዱ ወደ መቃኛዎቹ ማዘንበል አለበት፤ ክሩ የሚያርፈው በፍሬቶቹ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ብቻ እንዲሆን። በተቃራኒው ካዘነበለ ባዶው ክር እንደ ሕንዱ ሲታር ይንጫጫል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞርዳችሁ ክሩን መልሳችሁ፣ ቃኝታችሁ፣ ለክታችሁ ቀጥሉ። ትዕግሥት ያለቀበት ሰው የሚያበላሸው የመጨረሻዋ ሞረድ ላይ ነው። አንድ ጎድጓዳ ከጠለቀ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ሞልቶ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ማንጠብጠብና እንደገና መሞረድ ይቻላል፤ ቆይቶ ግን ከአጥንት የተሠራ አዲስ ነት መግጠሙ ይሻላል።

ሁለተኛው የነት ችግር 3ኛው ክር ላይ ነው። የዚህ ጊታር ራስ ሦስት ሦስት መቃኛ በግራና በቀኝ ስላለው 3ኛውና 4ኛው ክር ከነቱ ሲወጡ ወደ ጎን ይታጠፋሉ። ጎድጓዳው ጠበብ ካለ ክሩ ይያዛል። ስትቃኙ «ፒንግ» ብሎ ድንገት ይዘላል፤ ክሩን ጎትታችሁ ኖታ ስታጎብጡ ደግሞ ተመልሶ ቦታው አይገባም። ጎድጓዳውን በክሩ ውፍረት ልክ ማስፋት፣ ከኋላ በኩል ያለውን ክፍል ትንሽ ወደ መቃኛው አቅጣጫ ማዞር፣ ከዚያ ለስላሳ እርሳስ ስሎ ዱቄቱን መቀባት ነው መድኃኒቱ። መቃኛ ቁልፎቹን በሙሉ ለውጦ ያው ችግር የቀጠለበት ሰው ጥቂት አይደለም።

አንገቱና ብሪጁ ብዙ ጊዜ አይወስዱም። 1ኛውንና አንገቱ ከቦዲው የሚገናኝበትን ፍሬት ተጭናችሁ በ7ኛው ላይ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ክፍተት ከታየ አንገቱ ደህና ነው። ከበዛ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ብረት ሩብ ዙር ብቻ ወደ ቀኝ፣ ከጠፋ ወደ ግራ፤ ቁልፉ አብሮት የመጣው ይሁን፣ ልኩ ያልሆነ ቁልፍ ዳዶውን ይበላዋል። ከዚያ በ12ኛው ፍሬት ላይ የክሩን ከፍታ በቀጭኑ በኩል 1.6፣ በወፍራሙ በኩል 2 ሚሊሜትር ማድረግ። በመጨረሻ የ12ኛውን ፍሬት ኖታ እዚያው ከሚገኘው ሃርሞኒክ (ክሩን ሳይጫኑ በስሱ ሲነኩት ከሚወጣው ጥርት ያለ ድምፅ) ጋር አስተያዩ፤ የተጫናችሁት ከፍ ካለ ክሩ የሚያርፍበትን የብሪጁን መቀመጫ ወደ ጊታሩ ጭራ ግፉት፣ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ።

ከዚህ በኋላ «ዝዝዝ» የሚል ነገር ከሰማችሁ ወዲያው ፍሬቱን አትክሰሱ። ይህ ጊታር ሆድ ስላለው የላላ ነገር ሁሉ ይናገርበታል። አንዲት ኖታ፣ ለምሳሌ በ5ኛው ክር ላይ ያለችው ሬ፣ ብቻዋን ስትነዝር ተጠርጣሪው ከፍሬት ይልቅ የላላ ዕቃ ነው። ያችን ኖታ ደጋግማችሁ እየመታችሁ በሌላ ሰው ጣት የፒክጋርዱን (ገጹን ከጭረት የሚጠብቀውን ሳህን) ቅንፍ፣ የእያንዳንዱን ፖት (የቮሊዩምና የቶን ማዞሪያ) ዳዶና የጃኩን (ገመዱ የሚሰካበትን) ሳህን አስነኩ፤ የብሪጁን መቀመጫዎች የሚይዘው ስስ ሽቦ ካለም እሱንም። ሲነካ ዝም ያለው እሱ ነው። ሽቦው ከሆነ በመሀሉ ትንሽ ወደ ታች ማጉበጥ ይበቃዋል። ምንም ካልተገኘ ሆዱ ውስጥ የተንጠለጠለ የፒክአፕ ገመድ ገጹን እየመታ ሊሆን ይችላል።

ኤሌክትሪኩ ላይ ደግሞ የፋብሪካው ቁጠባ በግልጽ ይታያል። ፒክአፖቹ ራሳቸው መጥፎ አይደሉም። ሁለት ጥቅል በተቃራኒ አቅጣጫ አድርጎ የመብራቱን ጉምጉምታ እርስ በርስ የማጥፋት ዘዴውን ሴዝ ላቨር የተባለ መሐንዲስ ጊብሰን ውስጥ ከሠራበት ከ1955 ጀምሮ ሥራው ብዙም አልተለወጠም፤ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ በሚሄድበትና የግድግዳው መሬት ሽቦ አስተማማኝ ባልሆነበት ቤት ውስጥ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። የሚቆጠበው በፖቶቹ፣ በካፓሲተሮቹና በማብሪያው ነው። 500 ኪሎ ኦም ተብሎ የተጻፈበት ፖት ተለክቶ 400 ቢሆን አይግረማችሁ፤ 20 በመቶ ወዲያና ወዲህ የተለመደ ነው። ባነሰ ቁጥር ቀጭኑ ድምፅ ይደፈናል። «ፒክአፑ ጭጋግ ነው» ብሎ ሊለውጥ የተነሳ ሰው መጀመሪያ መልቲሜትር ይያዝ።

አራት 500 ኪሎ ኦም ፖት፣ ሁለት 0.022 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ አንድ ባለ ሦስት ቦታ ማብሪያና አንድ ጃክ ይበቃል። ስትበይዱ ወደ ቶን የሚሄደውን ካፓሲተር ከቮሊዩሙ መግቢያ ሳይሆን ከመሀለኛው እግር፣ ከመውጫው ላይ ያዙት። የ1950ዎቹ አሠራር ይህ ነው። ቮሊዩሙን ስታወርዱ ድምፁ ቀጭኑን አይጥልም፤ ከላይ ያልኩት የ7 እና የ8 ጨዋታ ትርጉም የሚያገኘው ያኔ ነው።

ችግሩ መግቢያው ነው። ከኋላ የሚከፈት ክዳን የለም፤ ሁሉም ነገር በኤፍ ቀዳዳው ይወጣል፣ በኤፍ ቀዳዳው ይገባል። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የቀዳዳውን ሰፊ ቦታ ለኩ፤ ትልቁ ፖት 24 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ካላለፈ 16 ሚሊሜትሩን ግዙ። ከዚያ ካርቶን ጊታሩ ገጽ ላይ አድርጋችሁ የፖቶቹን፣ የማብሪያውንና የጃኩን ቀዳዳዎች በእርሳስ ቅዱ፤ ካርቶኑን በስታችሁ አዲሶቹን ዕቃዎች እዚያ ላይ ግጠሙና ሁሉንም ከጊታሩ ውጭ በይዱ። ስታኞውን በፖቱ ጀርባ ላይ ስታቀልጡ መበየጃው ቢያንስ 40 ዋት ይሁን፤ ደካማ መበየጃ ረጅም ጊዜ ይቆይና ፖቱን ከውስጥ ያቃጥለዋል። ባዶ የሆነ እግር ሁሉ በላስቲክ መሸፈን አለበት፤ ሆዱ ውስጥ አንዱ ገመድ ሌላውን ይነካልና።

ለመመለስ፣ የውስጥ ስፋቱ 6 ሚሊሜትር የሆነ ለስላሳ የላስቲክ ቱቦ አራት ቁራጭ ያስፈልጋችኋል። እያንዳንዱን ቱቦ ከላይ በፖቱ ቀዳዳ አስገብታችሁ በኤፍ ቀዳዳው አውጡትና በፖቱ ዘንግ ላይ አጥብቁት። ለማብሪያው ጠንካራ ክር አንገቱ ላይ እሰሩ። ለጃኩ ከአሮጌ የጊታር ገመድ አንድ ጫፍ ቁረጡ፤ ገመዱን ፕለግ ከሌለው ከተቆረጠው ጫፍ ጀምራችሁ በኤፍ ቀዳዳው አስገብታችሁ በጃኩ ቀዳዳ አውጡትና ፕለጉን ጃኩ ውስጥ ሰኩት። ከኤፍ ቀዳዳው የሚርቀውን አስቀድማችሁ፣ ሁሉንም ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ዘንጉ በቀዳዳው ሲወጣ ቱቦውን ሳትለቁ ዋሸሩንና ዳዶውን በቱቦው ላይ አሳልፋችሁ አጥብቁ። ቱቦውን ቀድሞ የነቀለ ሰው ፖቱ ወደ ሆዱ ተመልሶ ይወድቅበታል፤ ከዚያ በጠመዝማዛ ሽቦ ሲያጠምድ ነው የሚውለው።

አጥብቃችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ የሚጎመጉም ከሆነ ክሮቹን ንኩ። ስትነኩ ከቀነሰ የመሬት ሽቦው ደህና ነው። ክሩን ስትነኩ ሳይቀንስ ጃኩን ስትነኩ ብቻ ከቀነሰ፣ ከጭራው ብሎን ወደ ፖቶቹ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ተበጥሷል ወይም ከብረቱ ጋር አልተገናኘም። ይህን ሁሉ የፈራ ሰው ዶት ስቱዲዮ የሚባለውን ይፈልግ፤ አንድ ቮሊዩምና አንድ ቶን ብቻ ነው ያለው።

አምፑ ሲጎላ ሁለት ዓይነት ጩኸት አለ፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። ወፍራሙና ቀስ ብሎ የሚያድገው የሆዱ ነው። አምፑን ከጎን አድርጎ መቆም፣ ቤዙን መቀነስ፣ ኤፍ ቀዳዳዎቹን በስፖንጅ መድፈን ያስቆመዋል። ቢ ቢ ኪንግ ጨርቅ ይጠቀጥቅበት ነበር፤ በኋላ በስሙ የወጣው የጊብሰን ሞዴል ጭራሹን ኤፍ ቀዳዳ የለውም። ቀጭኑና ድንገት የሚያፏጨው ግን የፒክአፑ ነው፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ስላልታሰረ ይንቀጠቀጣል። ስፖንጅ ምንም አያደርግለትም። ፒክአፑ ተነቅሎ 4 እጅ ፓራፊንና 1 እጅ የንብ ሰም በቀለጠበት፣ ከ65 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት ውስጥ አረፋው እስኪያቆም መነከር አለበት፤ 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ሰሙ የሚቀልጠው በሙቅ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ነው እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ አይደለም፤ ይቀጣጠላል። ሙቀቱ ካለፈ ደግሞ ጥቅሉ የተጠመጠመበት ፕላስቲክ ይጣመማል።

ስለ አየሩም ልብ በሉ። አዲስ አበባ ከኅዳር እስከ የካቲት ይደርቃል፤ ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለ ሰው ክረምት ላይ ማሞቂያ፣ ዱባይ ያለ ደግሞ ኤሲ ያደርቅበታል። ኮምፔርሳቶው ይችለዋል። የአንገቱ እንጨት ግን ይሸሻል፤ የፍሬቶቹ ጫፎች በጠርዙ በኩል ወጥተው እጅ ይቧጭራሉ። የአየሩን እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ መካከል ማቆየት፣ ካልሆነም ጊታሩን ሣጥኑ ውስጥ ከእርጥብ ስፖንጅ ጋር፣ ስፖንጁን በተበሳሳ የሳሙና መያዣ አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃል። የፍሬቶቹን ጫፍ በሞረድ ለማስተካከል የሚቀመጠው በደረቁ ወራት መጨረሻ ላይ ነው፤ እንጨቱ የሚሸሸውን ያህል ሸሽቶ ስለሚጨርስ፣ አንድ ጊዜ የተሞረደው ጫፍ በቀጣዩ ዓመት እንደገና አይወጣም።